ምን ያደርግልሻል?

አካውንቲንግ ለምን ተማርሽ ብሎ የጠየቀኝ ሰው እስከ ዛሬ የለም። ጃፓንኛ ለምን ተማርሽ ያላለኝ ዘመድ ደግሞ የለም። በየፋሲካው ስንገናኝ ጥያቄውን እንደ አዲስ የሚያነሱብኝ አሉ። ከሁሉም የምትብሰው አክስቴ ነበረች። ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው አፓርታማዋ፣ ሳሎን ውስጥ የምተኛበትን ሶፋ አብራኝ እየዘረጋች፣ «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ጃፓንኛ ምን ያደርግልሻል?» ትለኛለች። ነርሲንግ ቢሆን ይገባታል። ስፓኒሽ እንኳ ቢሆን ይገባታል፤ በምትሠራበት ሆቴል ከጽዳት ጓደኞቿ ጋር የምትግባባው በስፓኒሽ ነው። «ጃፓንኛ የሚናገር ሰው እኮ እዚህ አገር አንድም ቀን አጋጥሞኝ አያውቅም» ትልና መብራቱን ታጠፋዋለች።

መልስ አልነበረኝም። አሁንም ያለኝ አይመስለኝም።

ነገሩ የተጀመረው በሰዓት ምክንያት ነው። አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ ዋናውን ትምህርቱን፣ ሜጀሩን፣ ከመረጠ በኋላ ከፈለገ አነስ ያለ ሌላ መስክ ይደርብበታል፤ ማይነር ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 18 ክሬዲት ነው፤ አምስት ስድስት ኮርስ ማለት ነው። የሀበሻ ልጅ ማይነር ከያዘ ፋይናንስ ወይም ኮምፒውተር ይይዛል፤ ደመወዝ ላይ ጠብ የሚል ነገር። እኔ ማይነር የሚባል ሐሳብም አልነበረኝ። አንድ የምርጫ ኮርስ ጎድሎኛል፤ ማታ ማታ ዋሽንግተን መሀል ከተማ የፓርኪንግ ካሸር ስለሆንኩ ደግሞ የሚመቸኝ ጠዋት ብቻ ነው። በዚያ ሰዓት ቦታ የነበራቸው ጂኦሎጂና የጀማሪ ጃፓንኛ ነበሩ። ድንጋይ አገሬ ሞልቷል ብዬ ጃፓንኛውን ያዝኩ።

ሴንሴይ ቀጠን ያሉ፣ ጸጉራቸው ጆሯቸው ሥር የተቆረጠ የቶኪዮ ሴት ነበሩ። በስማቸው የሚጠራቸው ተማሪ አልነበረም። አስተማሪ ሴንሴይ ነው፣ አለቀ፤ የኔታንስ በስማቸው ማን ይጠራል? የመጀመሪያው ቀን ገብተው ጎንበስ ብለው እጅ ነሱንና አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ከአፋቸው ሳይወጣ ሰሌዳው ላይ ትልቅ ሰንጠረዥ ሰቀሉ። ዘንግ አነሱ። «አ፣ ኢ፣ ኡ፣ ኤ፣ ኦ» አሉ፤ እኛም ተከተልን። «ካ፣ ኪ፣ ኩ፣ ኬ፣ ኮ።» ተከተልን። «ሳ፣ ሺ፣ ሱ፣ ሴ፣ ሶ።»

ከጎኔ የተቀመጠው ልጅ በጃፓን ካርቱን ፍቅር ተነድፎ የመጣ ነው፤ ሳቁን በመዳፉ ያፍናል። ትልቅ ሰው ሆኖ፣ ከፍሎ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በአንድ ድምፅ ፊደል መቁጠር ለእሱ የሕፃናት ጨዋታ ነው። እኔ ግን ጉለሌ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ዛፍ ሥር፣ ስንደዶ ይዤ ገበታዬን እየነካሁ የተቀመጥኩ ያህል ተሰማኝ። ዜማ ልጨምርበት ምንም አልቀረኝ። እዚህ አገር ከመጣሁ ወዲህ ክፍል ውስጥ ቀድሜ የገባኝ የመጀመሪያው ነገር ይህ ነበር፤ ተነባቢው በአናባቢው እየተለዋወጠ በረድፍ የሚወርድ ፊደል ምን እንደሆነ ለእኔ ማስረዳት አያስፈልግም።

ፊደሎቹ 46 ናቸው። 33ቱን በሰባት አባዝቶ 231 ላወረደ ሰው 46 ምን አላት? ብዙም ሳይቆይ ጨረስኳትና ተኩራራሁ። ይኼኔ ሴንሴይ ፈገግ ብለው፣ ይቺ ሂራጋና ናት፣ ካታካና የምትባል ሌላ 46 ደግሞ አለች አሉን፤ የውጭ አገር ቃልና የእንግዳ ስም የሚጻፍባት። ስሜን በእሷ ጻፍኩ። አገሬንም ጻፍኩ፤ «ኤቺኦፒያ» ሆነች። ከዚያ ካንጂ መጣ። ለዕለት ተዕለት ጽሕፈት ተብለው በመንግሥት የተመረጡት የቻይና ፊደላት ብቻ በዚያን ጊዜ 1,945 ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2010 ደግሞ 196 ጨምረው፣ 5 ቀንሰው 2,136 አደረጓቸው፤ ያኔ እኔ ተመርቄ ወጥቻለሁና አልከፋኝም። ገንኪ የሚባለው መማሪያችን በሁለቱ ቅጾቹ የሚያስተምረው 317ቱን ነው። 317 ይዞ የጃፓን ጋዜጣ የገለጠ ሰው የሚያነበው ቀኑንና የአየር ሁኔታውን ነው፤ የቀረውን ሥዕሉን አይቶ ይገምታል።

ያሰረኝ ግን ፊደሉ አይደለም፤ የዐረፍተ ነገሩ አካሄድ ነው። እንግሊዝኛ ክፍል ውስጥ እጄን ከማውጣቴ በፊት ሐሳቤን በልቤ ገልብጬ፣ ግሱን ከኋላ ጎትቼ ወደ ፊት አምጥቼ፣ ሌሎቹን ከኋላው ደርድሬ እስክጨርስ ጥያቄው በሌላ ሰው ተመልሶ ያድራል። ጃፓንኛ ላይ የሚገለበጥ ነገር የለም። «ትናንት ገበያ ሄጄ ዓሣ ገዝቼ መጣሁ» ልበል። «ኪኖ፣ ኢቺባ ኤ ኢቴ፣ ሳካና ኦ ካቴ፣ ኪማሺታ።» ትናንት፣ ገበያ፣ ሄጄ፣ ዓሣ፣ ገዝቼ፣ መጣሁ። ቃል በቃል፣ አንዱም ከቦታው ሳይነቃነቅ። ዓሣዋ ላይ የምትለጠፈው «ኦ» እንኳ የእኛ «ን» ሆና ከኋላ ትመጣለች። እኛ «ቀምሼ ልየው» የምንለውን እነሱም ቀምሰው ያዩታል። አሜሪካውያኑ ጓደኞቼ ይህን «ሄጄ፣ በልቼ፣ ጠጥቼ» የሚለውን አረባብ በዘፈን ይሸመድዱት ነበር፤ ብዙዎቹ ኮርሱን የተዉትም እዚያ ላይ ነው። እኔ ከእናቴ ቤት ይዤው መጥቻለሁ።

ሁለቱ ቋንቋዎች ዝምድና የላቸውም፤ ይህን ሴንሴይ ደጋግመው ነግረውኛል፤ የቋንቋ ሊቃውንቱም የሚሉት ይህንኑ ነው። ቢሆንም ካርቱን ወዳዱ ልጅ፣ እንግሊዝኛዬን ሲሰማ ቀስ እያለ ያናግረኝ የነበረው፣ ከፈተና በፊት ደብተሬን ሊዋስ መጣ። ለዚያ ደብተር ብቻ ስል ሁለተኛውን ኮርስ ተመዘገብኩ ብል ውሸት አይሆንም። ሦስተኛውን ስመዘገብ አድቫይዘሬ፣ ጥቂት ብትጨምሪ እኮ ማይነር ይሆንልሻል አለችኝ። ጨመርኩ።

የከበደኝ ነገር በሌላ በኩል መጣ። ጃፓኖች አንቱታቸው ብዙ ደረጃ አለው። የሚናገሩለትን ሰው ከፍ የሚያደርጉበት አንድ፣ ራሳቸውን ዝቅ የሚያደርጉበት ሌላ፣ ለጨዋነት ያህል የሚናገሩት ሌላ። አሜሪካውያኑ ግራ ገብቷቸው ለምን ያስፈልጋል ሲሉ እኔ ውስጥ ውስጡን እየሳቅኩባቸው ነበር፤ አንተና አንቱ ለይቶ ያደገ ሰው ይህ አያስደንቀውም። ታዲያ አንድ ቀን ሴንሴይ ስለ ቤተሰባችሁ ተናገሩ አሉን። እዚያ ላይ ነው ሕጉ የተገለጠልኝ። ለባዳ ሰው ስለ ራስህ አባት ስትናገር አባትህን ዝቅ ታደርጋለህ፤ የሌላውን አባት ከፍ። አለቃህን እንኳ፣ በፊቱ የምትሰግድለትን፣ ከውጭ ሰው ጋር ስታወራ ስሙን ያለ ማክበሪያ ትጠራዋለህ። የአንተ ወገን ነውና አብሮህ ዝቅ ይላል። እኛ ቤት አባቴ በፊታቸውም በሌሉበትም «እሳቸው» ናቸው። በጃፓንኛም ቢሆን፣ በሰባት ሺህ ማይል ርቀትም ቢሆን፣ አፌ እምቢ አለ። ሴንሴይ አስተውለውኝ ኖሮ ሲያርሙኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር።

ለአባቴ ስለ ጃፓንኛው የነገርኳቸው ዘግይቼ ነው፤ እንዳይቆጡ ፈርቼ። በስልክ ካርድ ነበር የምንደውለው፤ ከዚያች ከማሽኗ ሴት «ቀሪ ደቂቃ» ጋር እየተሽቀዳደምን። ነገርኳቸው። ዝም አሉና፣ «ከበደ ሚካኤልን አንብበሻል?» አሉኝ። መደርደሪያቸው ላይ ጀርባውን እያየሁ ያደግኩት «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች» ትዝ አለኝ፤ በ1946 ዓ.ም. የታተመው። አላነበብኩትም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ሽሮና በርበሬ ሲያመጣልን ከበርበሬው ሥር መጽሐፉ ነበር። እስከ ዛሬ ስገልጠው ያስነጥሰኛል።

ያን መጽሐፍና የሴንሴይን ኮርስ ጎን ለጎን ማንበብ የሚገርም ነገር ነበር። የአባቴና ከአባቴም በፊት የነበሩት ትውልዶች ጃፓንን የተመለከቷት በትልቅ ጥያቄ ነው፦ ይህች የደሴቶች አገር ቅኝ ሳትገዛ፣ ንጉሧን ሳትጥል፣ እንዴት ባቡርና መርከብ ሠራች? ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው ጃፓን ድረስ ሄደው ተመልሰዋል፤ ያዩትንም «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ብለው ጽፈውታል። ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ በ1923 የወጣው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥታችን የተቀዳው እ.ኤ.አ. ከ1889ኙ የሜይጂ ሕገ መንግሥት ነው። ጃፓንን ምሳሌ እናድርግ የሚሉትን ምሁራን የታሪክ ጸሐፊዎች ዛሬ በአንድ ስም ይጠሯቸዋል፤ ጃፓናይዘርስ። የንጉሡ ዘመድ ልጅ አርአያ አበበ ከጃፓን ሚስት ሊያገቡ ታስቦ፣ ማሳኮ ኩሮዳ የምትባል የመኳንንት ልጅ ተመርጣ፣ ወሬው በዓለም ጋዜጦች ከተናፈሰ በኋላ ነገሩ ቀረ። ይህን የመጨረሻውን ለሴንሴይ ስነግራቸው አላመኑኝም፤ ቤተ መጻሕፍት ሄደው አረጋግጠው ሲመለሱ ግን እንደ ሠፈር ወሬ ደጋግመው አስወሩኝ።

እነዚያ ሁሉ ጃፓንን የፈለጓት ለአገር ነው። እኔ ለምን እንደምፈልጋት ሳላውቅ ጠዋት ጠዋት ዓይኔን እያሻሸሁ እሄድላት ነበር። አባቴ ይህን የታዘቡ አይመስለኝም። «እንደምን እንደሠለጠኑ በደንብ አጥኚ» ይሉኛል። እኔ ያን ሳምንት የማጠናው ስለ እርሳስ፣ ስለ ጠርሙስና ስለ ወረቀት ነው፤ ቀጭንና ረጅም ነገር ሲቆጠር ቁጥሩ ላይ አንድ ቅጥያ፣ ጠፍጣፋ ነገር ሲቆጠር ሌላ ቅጥያ፣ ትንንሽ እንስሳ ሲቆጠር ሌላ።

የማጠናበት ቦታ ፓርኪንጉ ነበር። ሁለተኛው ምድር ቤት፣ በመስታወት የተከበበች ጠባብ ክፍል፣ አንድ ወንበር፣ አንድ የገንዘብ መሳቢያ፣ እግሬ ሥር የምትንፈቀፈቅ ትንሽ ማሞቂያ። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ መኪና አይበዛም። የካንጂ ካርዶቼን በተቆረጡ ትኬቶች ጀርባ ላይ እጽፋቸው ነበር። ሰው ዛፍ ጥግ ቆሞ «ማረፍ» ይሆናል። ሦስት ዛፍ ተደራርቦ ጫካ ይሆናል። ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ መስመሮቹ ተራቸውን ጠብቀው። ሱፐርቫይዘሬ የጎንደር ሰው ነበር፤ እንደ አብዛኞቹ የከተማዋ ፓርኪንግ ሠራተኞች እሱም ሀበሻ። አንድ ሌሊት ለቁጥጥር መጥቶ ካርዶቹን አየ። አንዱን አነሳ፣ አዟዟረው፣ መብራት ላይ አደረገው። «እህቴ» አለኝ፣ «ይሄ ጠልሰም ነው እንዴ?» ጃፓንኛ መሆኑን ስነግረው ደስ አላለውም፤ ጠልሰም ቢሆን ይመርጥ ነበር።

ማይነሩ ከቋንቋው ሌላ የባህልና የሥነ ጽሑፍ ኮርሶችም ነበሩት፤ እነሱ በእንግሊዝኛ ትርጉም ነው የሚሰጡት። ሴይ ሾናጎንን ያገኘኋት እዚያ ነው። ከሺህ ዓመት በፊት በኪዮቶ ቤተ መንግሥት የእቴጌ ቴይሺ ደንገጡር የነበረች ሴት ናት። በዚያን ዘመን የተማሩት ወንዶች ቁም ነገራቸውን የሚጽፉት በቻይንኛ ነው፤ ሂራጋና «የሴት እጅ» ይባል ነበር። ሴቶቹም በዚያች በተናቀች ፊደል፣ በአፍ መፍቻቸው፣ የፈለጉትን ጻፉ። ሙራሳኪ ሺኪቡ የገንጂን ታሪክ፣ ሴይ ሾናጎን የትራስ መጽሐፏን። የወንዶቹን ቻይንኛ ዛሬ የሚያነበው ልዩ ባለሙያ ነው፤ የሴቶቹን እኔም ፓርኪንግ ውስጥ አነበብኩት። እኛ ዘንድ ግዕዝ የክብሩን ወንበር ይዞ በነበረበት ዘመን እንዲህ ያለች አንዲት ሴት በአማርኛ ጽፋ ቢሆን ኖሮ እያልኩ ስንት ጊዜ ተቆጨሁ።

ሾናጎን ዝርዝር ትወዳለች። የሚያናድዱ ነገሮች፣ ልብ የሚያስደነግጡ ነገሮች፣ ሩቅ ሆነው ሳለ ቅርብ የሆኑ ነገሮች። ነገረኛ ናት፤ ሰው ትንቃለች፤ ያልታጠበ ሰው፣ ያልተማረ ሰው፣ ሲሰናበት የሚያንዛዛ ሰው ሁሉ ያበሳጫታል። በጣም ወደድኳት። ሙራሳኪ ሺኪቡ ራሷ በማስታወሻዋ ላይ በሾናጎን ትዕቢት ተማርራ ጽፋለች፤ ሁለቱን ጸሐፊዎች በአንድ ጽዋ ማኅበር ማሰብ እንዴት እንደሚያስቅ! እኔም በአማርኛ የራሴን የሚያናድዱ ነገሮች በትኬት ጀርባ መመዝገብ ጀምሬ ነበር። ትኬቱን በአፉ ይዞ ሳያወጣ የሚሰጥ ሹፌር አንደኛ ነበር።

ሴንሴይ ስለ ራሳቸው የሚናገሩ ሰው አልነበሩም። የኦሎምፒኩን ፊልም ያሳዩን ቀን ግን ተናገሩ። ኮን ኢቺካዋ ስለ እ.ኤ.አ. 1964ቱ የቶኪዮ ኦሎምፒክ የሠራው ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት ወጣ። ማራቶኑ ሲጀምር ልቤ መምታት ጀመረ። አበበ ቢቂላን እስከዚያ ቀን ድረስ የማውቀው በፎቶግራፍና በአባቴ ወሬ ነው። እዚህ ግን ካሜራው ፊቱ ላይ ተተክሎ አይነቀልም። ሩጫ መሮጡ እንኳ ይረሳል፤ ትከሻው አይናወጥ፣ ዓይኑ አይዞር፣ ላቡ ብቻ ቁልቁል ይወርዳል። ትርፍ አንጀቱን ተቀዶ ከወጣ 40 ቀን ገደማ ነው። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11.2 ሰከንድ፣ የዓለም ክብረ ወሰን። ሲጨርስ ወደ ሣሩ ወጥቶ ሰውነቱን ማፍታታት ያዘ፤ ገና ሊሮጥ ያሰበ ይመስል።

መብራቱ ሲበራ ሴንሴይ ፊት ለፊቴ መጥተው ቆሙ። ሩጫው በኮሹ ካይዶ ጎዳና ወደ ቾፉ ሄዶ የሚመለስ ነበር፤ እሳቸው ያኔ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሆነው የወረቀት ባንዲራ ይዘው መንገድ ዳር ተሰልፈዋል። «አቤቤ አለፈ» አሉኝ፤ ጃፓኖች ስሙን እንዲህ ነው የሚጠሩት። «በጣም ጮኽንለት። አንድ ጊዜ እንኳ ዞር ብሎ አላየንም። ቤት ገብቼ ለእናቴ ከሰስኩት።»

እናታቸው ምን እንዳሉ ጠየቅኳቸው። «መንገዱን እያየ ነው፣ አንቺስ የቤት ሥራሽን አይተሻል? አለችኝ» አሉ። ከዚያ ወዲያ ስለ ጹቡራያ ነገሩን። ኮኪቺ ጹቡራያ ስታዲየሙ ውስጥ ሁለተኛ ሆኖ ገብቶ፣ አገሩ ሁሉ ቆሞ እያጨበጨበለት፣ በመጨረሻዋ ዙር እንግሊዛዊው ሂትሊ አልፎት ሦስተኛ ወጣ። ሦስተኛነቱ ለጃፓን በዚያ ኦሎምፒክ በአትሌቲክስ የተገኘ ብቸኛ ሜዳሊያ ነበር። እሱ ግን የቀጣዩን ኦሎምፒክ ሸክም ተሸክሞ ቆየና እ.ኤ.አ. በ1968 መጀመሪያ ላይ በገዛ እጁ ሞተ። ሴንሴይ ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው አልተለወጠም፤ ግን የዚያን ቀን የቤት ሥራ ሳይሰጡን ወጡ።

ባህል ተብሎ ከተማርነው ሁሉ የብሩሽ ጽሕፈቱን እወደው ነበር። ቀለሙ በጠርሙስ አይመጣም። ሱሚ የሚባል ጥቁር ዱላ አለ፤ ጥላሸትና የእንስሳ ሙጫ ተለውሶ የደረቀ። ድንጋዩ ላይ ጥቂት ውኃ ጠብ አድርጎ ዱላውን በዝግታ ማሸት ነው፤ ክንድን ሳያስጨንቁ፣ ዙሪያውን፣ ውኃው እስኪጠቁር። አፍንጫ ውስጥ የሚገባ የካምፎር ዓይነት ሽታ አለው። የእናቴ አባት ቁም ጸሐፊ ነበሩ፤ ጥቁሩን ቀለም ከጥላሸት ሲያዘጋጁ ልጅ ሆኜ ዓይቻለሁ። የእሳቸው ቀለም ቀንድ ውስጥ ነበር፤ ብርዓቸውም ሸንበቆ ነው፤ ሽታውም ሌላ ነው። ሥራው ግን ያው ነው፤ ለመጻፍ የቸኮለ ሰው ቀለሙ ላይ ይያዛል። ሴንሴይ፣ እጅሽ የት ነው የሠለጠነው ሲሉኝ የአያቴን ነገር በ317 ካንጂ ለማስረዳት ሞክሬ ነበር። ግማሹን በእጄ አሳየኋቸው።

ሻዩን በተመለከተ፣ ሁሉም ሰው የእነሱ ሻይና የእኛ ቡና አንድ ነው ይለኛል። አይደለም። ኮሽታ እንኳ በማይሰማበት ክፍል፣ እግር አጥፎ ተንበርክኮ፣ ጣፋጩን አስቀድሞ በልቶ፣ ጽዋውን በመዳፍ ላይ አዙሮ፣ መራራውን አረንጓዴ ሻይ ጨርሶ መመለስ ነው። ሥርዓቱን ያጠራው ሴን ኖ ሪክዩ ትርፍ ነገር ሁሉ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ የተዋት ትንሽ ክፍልና አንድ አበባ ናት። ቡና ያለ ወሬ፣ ያለ ጎረቤት፣ ያለ ፈንዲሻ ምን ቡና ነው? እኔ እግሬ ደንዝዞ ስነሳ ልወድቅ ነበርና ከወሬው ወገን ነኝ።

አክስቴን በመጠኑም ቢሆን የማረካት ፊልም ነው። ለኮርሱ የያሱጂሮ ኦዙን «የቶኪዮ ታሪክ» ተውሼ አመጣሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1953 የተሠራ፣ ጥቁርና ነጭ፣ ካሜራው ወለል ላይ እንደተቀመጠ ሰው ዝቅ ብሎ የሚያይ። እሁድ ከሰዓት ነበር፤ እሷ ሽንኩርት እየከተፈች። «ምንም አይደረግበትም እኮ» አለች መጀመሪያ። እውነቷን ነው። ሁለት ሽማግሌዎች ከኦኖሚቺ ተነስተው ልጆቻቸውን ሊያዩ ቶኪዮ ይመጣሉ። ልጆቹ ክፉ አይደሉም፤ ሥራ አለባቸው። ዶክተሩ በሽተኛ ይጠራዋል፤ ሴቷ የጸጉር ቤት አላት። እኔ የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ እያነበብኩ ወደ አማርኛ መለስኩላት። ልጆቹ ተማክረው እናትና አባታቸውን አታሚ ወደሚባል የመዝናኛ ከተማ ሲልኳቸው አክስቴ ቢላዋውን አስቀመጠች።

«ሆቴል ላኳቸው?»

«አዎ፣ እንዲዝናኑ።»

«ሆቴል! እናትና አባት!» ሃያ ዓመት የሆቴል አልጋ ያነጠፈች ሴት ናት፤ ሆቴል ማን እንደሚተኛ ታውቃለች። ከዚያ ወዲያ ሽንኩርቱ ተረሳ። ጸጉር ቤት ያላትን ልጅ እዚሁ አሌክሳንድሪያ ጸጉር ቤት ካላት አንዲት የማውቃት ሴት ጋር አንድ አደረገቻትና እስከ መጨረሻው በዚያች ሴት ስም ረገመቻት። ባሏን በጦርነት ያጣችው ምራት፣ ሴትሱኮ ሃራ የተጫወተቻት፣ ከሥራዋ ፈቃድ ወስዳ አማቶቿን ከተማ ስታዞር፣ «ይቺ ናት ልጅ» ብላ አለቀሰች። ሽንኩርቱ ነው አለችኝ።

ምርቃቴ ታኅሣሥ ላይ ነበር። አክስቴ ነጠላዋን ደርባ መጣች፤ ፎቶ ተነሳን፤ ከዚያ ሀበሻ ምግብ ቤት እንሂድ ስላት እንቢ አለች። «ጃፓኖቹ ጋ እንሂድ። ትምህርትሽን እንየው።» የገና ጾም ነው ብላት አልሰማችኝም። አንድ ሱሺ ቤት አገኘን። በሩን ስከፍት ከባንኮኒው ጀርባ «ኢራሻይማሴ!» የሚል ጩኸት ተቀበለን። ደንበኛ ሲገባ እንዲህ ይባላል፤ መልስ አይጠበቅበትም። አክስቴ ጎኔን ጎሰመችኝ።

«መልሺለት እንጂ!»

ራሱ ላይ ሻሽ ያሰረው፣ ረጅም ቢላዋ የያዘው ልጅ ቀና ሲል ነጠላዋን አየ። «እንዴ፣ ሀበሾች ናችሁ? ግቡ፣ ግቡ፣ እዚህ ጋ ይሻላችኋል» አለን። የጎፋ ልጅ ነው። ሱሺ መጠቅለል የተማረው ከኮሪያዊው ባለቤት ነው፤ ጃፓንኛው ከበሩ ሰላምታ አያልፍም።

«እማማ፣ ጾመኛ ነዎት? በኪያርና በአቮካዶ እጠቀልልልዎታለሁ።»

«ዓሣስ?»

«ዓሣማ አይበላም።»

«ማን ነው አይበላም ያለህ?» አክስቴ ወንበሯን ወደ ባንኮኒው አስጠጋች። «እኛ ቤት ሲበላ ነው ያደግኩት። አባታችን ቄስ ናቸው።»

«እማማ፣ የእኛ ንስሐ አባት ደግሞ አይፈቅዱም።»

«የእናንተ ንስሐ አባት የት አገር ሰው ናቸው?»

ክርክሩ ሲጦፍ አጠገባችን የተቀመጡ ሁለት አሜሪካውያን እራታቸውን ትተው ያዳምጡ ጀመር። እኔ የምግብ ዝርዝሩን ገልጬ ካንጂዎቹን በልቤ እያነበብኩ ነው፤ ሳልሞን፣ ኦክቶፐስ፣ እንቁላል። አክስቴ በመጨረሻ እጇን አወናጨፈች።

«በል፣ ለእኔ ኪያሩን አምጣልኝ። ዓሣውን ለእሷ ስጣት፤ የተማረችውን ትብላ።»